ጓደኛን ሰምቶት በማያውቀው የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንተርበው

ተረብ ሚያምረው የተተረበው ሰው ራሱ ከሁሉም በላይ ሲስቅ ነው፣ እሱ ካልሳቀ የነገሩ ስም ሌላ ነው። እኔ ከተረብ ሁሉ በጣም ምወደው ማንም ሰምቶት በማያውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ሚደረገውን ነው፣ ለምን ብትሉ ቃሉ ሲወረወር ማንም አይቆስልም፣ ምን እንደተባለ አያውቅማ፣ መጀመሪያ ግራ ይገባዋል ከዛ "እንዴ እሱ ደሞ ምንድነው?" ብሎ ራሱ ይጠይቃል፣ ሳቁ ሚመጣው ትርጉሙ ሲነገረው ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ብዙ ሰው ሚያበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ፣ ከባድ ቃል ይወረውርና ትርጉሙን ሳይናገር ፈገግ ብሎ ዝም ይላል፣ ያ ጉራ ነው፣ ጓደኛውን ምንም እንደማያውቅ እንዲሰማው ማድረግ ነው። ቃሉን የወረወረ ትርጉሙን የመናገር ግዴታ አለበት፣ እዛው፣ ወዲያው።

አሁን ወደ አሰራሩ እንግባ።

መጀመሪያ ሰውየው ነው፣ ቃሉ ኋላ ይደርሳል። መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ ደስ ያላችሁን ቃል መርጣችሁ "ይሄን ማን ላይ ልለጥፈው" ብላችሁ ከተነሳችሁ አይሰራም፣ ተለጣፊ መሆኑ ያስታውቃል። ጓደኛችሁን አስቡት፣ ሁላችሁም ምታውቁት፣ እሱም ሚያውቀው፣ ማንንም የማይጎዳ አንድ አመል ይኖረዋል፣ አላርም አይሰማም፣ ቀጠሮ ላይ "ደርሻለሁ" ሚለው ገና ሻወር ውስጥ ሆኖ ነው፣ ያልሰማው ወሬ እንዳለ ከጠረጠረ አያድርም፣ ምናምን። አመሉን ከያዛችሁ በኋላ ነው ቃል ሚፈለገው፣ እና እንግሊዝኛ በዚህ በኩል ሀብታም ቋንቋ ነው፣ ከላቲን ከግሪክ ከስኮትላንድ ገጠር ከየትም ሲሰበስብ ስለኖረ ለማይረባ አመል ሁሉ ስም አለው።

አንዱን በደንብ ላሳያችሁ። ግሮክ ሚባል ቃል አለ፣ ድሮ ስኮትላንድ ውስጥ ይነገር የነበረ ነው አሁን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፣ ትርጉሙ ሰው ሲበላ ይሰጠኛል ብሎ በዝምታ አፍ አፉን ማየት ነው። ምሳ ሰዓት ነው እንበል፣ ጥብስ አዛችኋል፣ ጓደኛችሁ መጣ፣ "እንብላ" አላችሁት፣ "ኧረ እኔ በልቻለሁ፣ ውሃ ብቻ ይበቃኛል" ብሎ ተቀመጠ። ግን ዓይኑ ከትሪው አልተነሳም፣ እጃችሁ ወደ እንጀራው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ወደ አፋችሁ ሲመጣ አብሮ ይመጣል። እዚች ጋ ቀስ ብላችሁ፦

"ወንድሜ፣ ግሮክ እያደረግክ ነው።"
"ምን እያደረግኩ ነው?"
"ግሮክ።"

አትቸኩሉ። አንድ ደህና ጉርሻ ጠቅልሉና እጃችሁ ላይ ያዙት፣ እሱ ጉርሻውንም እናንተንም እያየ "ምንድነው እሱ?" ይላል። "ሰው ሲበላ ይጋብዘኝ ይሆናል ብሎ በዓይን መከተል ማለት ነው" በሉትና ጉርሻውን አጉርሱት። አፉ ሞልቶ ስለሆነ ሚስቀው መልስ እንኳን መመለስ አይችልም። ይሄ ተረብ ሙሉ ሚሆነው በጉርሻው ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው ተተርቦ ሳለ ጎርሷል፣ ቃልም ተምሯል፣ ምንም አልጎደለበትም። ከዛ በኋላ ቃሉ የናንተ ይሆናል፣ "ግሮክ አታድርገኝ" "ዛሬ ግሮክ ተደረግኩ" እያላችሁ በአማርኛ ስታዞሩት ትኖራላችሁ፣ ጥሩ ቃል ምልክቱ ይሄ ነው፣ ከማድረግ ወይ ከመሆን ጋር ተጋብቶ ሰፈር ውስጥ መኖር ይችላል።

ሌሎቹን በየአመሉ ልንገራችሁ። ገና ሰላም ሳይላችሁ "እሺ ምን አዲስ ነገር አለ?" ሚል ጓደኛ አላችሁ አይደል፣ እሱ ኩዊድነንክ ይባላል፣ ቃሉ ራሱ ከላቲን የተወሰደ "አሁን ምን አለ?" ማለት ነው፣ እንግሊዞቹ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ወሬ አሳዳጁን ሰው በራሱ ጥያቄ ጠሩት፣ ስለዚህ እንደገባ አፉን ሳይከፍት እናንተ ቅደሙትና "ኩዊድነንክ መጣ" በሉ። መንገድ ላይ ህንጻ ሲቆፈር ቆሞ እስካቫተር ሚያይ፣ አብራችሁት ስትሄዱ ዞር ስትሉ ከኋላ ቀርቶ ምታገኙት ደግሞ ጎንጉዝለር ነው፣ ይሄ የእንግሊዝ ቦይ ላይ በጀልባ ሚሰሩ ሰዎች ዳር ቆሞ ዝም ብሎ ሚያያቸውን ስራ ፈት ሚጠሩበት ነበር፣ እኛ ጋ ቦይ ባይኖርም አዲስ አበባ ቁፋሮ ጠፍቶባት አያውቅምና ሰውየው ሞልቷል። ስላጋቤድ ማለት ከአልጋ መነሳት ሞት ሚሆንበት ሰው ነው፣ ይሄኛው አጭር ነው ለማለትም ይቀላል።

ቦርቦሪግመስ ለብቻው መነሳት አለበት ምክንያቱም ከሁሉም ምርጡ ነው። ሆድ ሲጮህ ሚያወጣው ድምፅ የህክምና ስሙ ነው፣ ከግሪክኛ የመጣ፣ ቃሉን ስትጠሩት ራሱ ሆድ ሲያጉረመርም ይመስላል፣ ቦርቦሪግመስ። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት ሚጾሙ ጓደኛሞች አንድ ቢሮ ተቀምጣችሁ 8 ሰዓት አካባቢ ከአንዱ በኩል ድምፅ ሲሰማ፣ ሰውየው ሳያፍር በፊት "ቦርቦሪግመስ ገባ" ብትሉ እፍረቱ ወደ ሳቅ ይቀየራል። ግን አብራችሁ ምትጾሙ ከሆነ ብቻ፣ ሳይጾሙ የጾመን ሰው በረሃቡ መተረብ ደስ አይልም።

ከነታሪካቸው ሚጣፍጡም አሉ፣ እነዚህ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ቡና ላይ ወይ ረጅም መንገድ ላይ ነው ሚሆኑት። በማያውቀው ነገር ሁሉ አስተያየት ሚሰጥ፣ ኳሱንም ኢኮኖሚውንም የወጥ አሰራሩንም ሚያርም ጓደኛ ካላችሁ አልትራክሬፒዴሪያን በሉት። አፔሊስ ሚባል የጥንት ግሪክ ሰዓሊ ነበር፣ ስዕሎቹን ሰው ሚያይበት አስቀምጦ ከጀርባ ተደብቆ አስተያየት ይሰማ ነበር ይባላል፣ አንድ ጫማ ሰፊ የተሳለው ሰውዬ ጫማ ላይ ስህተት አገኘ፣ አፔሊስም ተቀብሎ አስተካከለ፣ በነጋታው ጫማ ሰፊው ልብ አገኘና ደሞ እግሩን መተቸት ጀመረ፣ ያኔ ሰዓሊው ብቅ ብሎ ጫማ ሰፊ ከጫማው በላይ አይውጣ አለው፣ ታሪኩን የጻፈው ሮማዊው ፕሊኒ ነው። ቃሉም ከዛ የተሰራ ነው፣ ከጫማው በላይ ያለፈ እንደማለት። እንግሊዝኛ ውስጥ በጽሁፍ ያስገባው እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዊሊያም ሀዝሊት ነው፣ በ1819 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምጽፈው) ዊሊያም ጊፎርድ ሚባለውን ሃያሲ ለመውረፍ ነበር፣ ጊፎርድ ደግሞ ልጅ ሳለ እውነትም ጫማ ሰፊ ጋ ለስራ ተቀጥሮ ያደገ ሰው ነው። ልዩነቱ ይታያችሁ፣ ያው ቃል ለጓደኛችሁ ስትሉት ጨዋታ ነው፣ ሀዝሊት ሲለው ግን ሰውየውን በአስተዳደጉ መውጋት ነበር። በሰው ድህነት፣ በቤተሰቡ ስራ፣ በዘሩ አትተርቡ፣ ቃሉ የፈለገ ቢያምር።

ማምፕሲመስም አለ፣ ይሄ ስህተቱ ተነግሮትም ካልቀየርኩ ሚል ሰው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይወራ የነበረ ታሪክ ነው፣ አንድ ቄስ በላቲን ሲቀድስ ሱምፕሲመስ ማለት ሲገባው ዕድሜውን ሙሉ ማምፕሲመስ እያለ ኖረ፣ ሲያርሙት የለመድኩትን በናንተ አዲስ ነገር አልቀይርም አለ። የዘፈን ግጥም ተሳስቶ ይዞ ከስፒከሩ በላይ እየጮኸ ሚዘፍን ጓደኛ ላላችሁ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። 13 ቁጥርን መፍራት ትሪስካይዴካፎቢያ ነው፣ እሱን ለአጉል እምነተኛ ጓደኛ "አንተ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዴት ኖርክ፣ ወራችን 13 አይደል እንዴ፣ ጳጉሜን የት ትሸሻታለህ" ብላችሁ ማስከተል ነው።

ስለ ርዝመት አንድ ነገር። ሰው ሲጀምር በጣም ረጅሙን ቃል ይፈልጋል፣ ፍሎክሲኖሲናይሂሊፒሊፊኬሽን ምናምን፣ ባለ 29 ፊደል፣ ትርጉሙም አንድን ነገር ከምንም አለመቁጠር ነው። አይመከርም። ጓደኛችሁ ደግሞ ሊለው ማይችለው ቃል አንዴ ተብሎ ይሞታል፣ ግሮክ ግን ዓመት ይቆያል። ከሦስት አራት ድምፅ ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ከበለጠም ቦርቦሪግመስ እንደሚባለው ለጆሮ ሚጣፍጥ ይሁን። አጠራሩን ደግሞ ቀድማችሁ ከመዝገበ ቃላት አፕ ላይ በድምፅ ስሙት፣ ስልካችሁ ላይ በፊደላችን ጻፉት፣ ተረቡ መሃል ቃሉ ከጠፋባችሁ ነገሩ ይቀዘቅዛል።

ስድብ ሚመስሉ ምስጋናዎች

ይሄ ለሴት ጓደኞቻችሁም ለወንዶቹም ሚሆን በጣም አሪፍ ዘዴ ነው። አንዳንድ ቃል ድምፁ ያስፈራል ትርጉሙ ግን ሙገሳ ነው። ፐልክሪቲዩዲነስ ስትሰሙት የሆነ የቆዳ በሽታ ይመስላል፣ ቆንጆ ማለት ነው። ጓደኛችሁ ለሰርግ ለብሳ ስትመጣ ኮስተር ብላችሁ "አንቺ ዛሬ በጣም ፐልክሪቲዩዲነስ ሆነሻል" በሏት፣ ፊቷ ሲለዋወጥ ወዲያው "ቆንጆ ማለት ነው እኮ" በሉ። ወዲያው ያልኩት ከልቤ ነው፣ ለብሳ ተዘጋጅታ የመጣች ሰው ላይ ጥርጣሬ እንዲቆይ አይደረግም፣ በተለይ ሰው ፊት። ቴሌግራም ላይ ከሆነ ደግሞ ቃሉንና ትርጉሙን በአንድ መልዕክት ላኩ፣ ቃሉን ልካችሁ ኔትወርክ ከጠፋ ሰውየው ሌሊቱን ሲያስብ ነው ሚያድረው።

በዚህ ዘዴ ሚታወቅ አንድ የአሜሪካ ፖለቲካ ወሬ አለ። በ1950 ፍሎሪዳ ላይ ጆርጅ ስማዘርስ ክሎድ ፔፐርን ለሴኔት ሲወዳደረው፣ ገጠር ላለው ህዝብ "የተቀናቃኜ እህት እኮ ቴስፒያን ናት" ብሎ ተናገረ ተባለ፣ ቴስፒያን የቲያትር ተዋናይ ማለት ነው ግን ላልሰማው ሰው ትልቅ ነውር ይመስላል። ስማዘርስ ራሱ በህይወቱ ሙሉ አላልኩም ብሎ ክዷል፣ ማለቴን ላረጋገጠ ሰው 10,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር ማንም አልወሰደም። ወሬው ግን እስከዛሬ አለ፣ ሚጠቅመንም ለሌላ ነገር ነው፣ ትርጉሙ ተደብቆ ከቀረ ያው ቃል ማታለያ ይሆናል፣ ትርጉሙ ሲነገር ነው ጨዋታ ሚሆነው።

ትርጉሙን ራሳችሁ ጻፉት

መዝገበ ቃላቱ ላይ ያለውን እንዳለ ማንበብ ይቻላል ግን ለጓደኛችሁ ብላችሁ ስትጽፉት ሌላ ነገር ይሆናል። በዚህ የሚበልጠው አልተገኘም ሳሙኤል ጆንሰንን፣ በ1755 ያወጣው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ላይ አጃን ሲተረጉም እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ለፈረስ ሚሰጥ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ግን ህዝቡ ሚኖርበት እህል ነው ብሎ ጻፈ። ከሚረዱት ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ስኮትላንዳውያን ነበሩ፣ በኋላ የቅርብ ወዳጁ የሆነው ጄምስ ቦዝዌልም ስኮትላንዳዊ ነው፣ ማለት ባዕድን አይደለም የተረበው አጠገቡ ያሉትን ነው። አንድ ስኮትላንዳዊ ባላባትም "ልክ ነው፣ ግን እንደነሱ ያለ ፈረስ፣ እንደነሱ ያለ ሰው የት ይገኛል?" ብሎ መለሰለት ይባላል። ይሄ ነው ተረብ፣ ለመልስ በር ከፍቶ ሚሄድ።

አጻጻፉ ቀላል ነው። ቁም ነገር አስመስላችሁ ጀምሩ፣ ልክ እንደ መዝገበ ቃላት "ስም" "ግስ" በሉ፣ ከዛ ጓደኛችሁ ብቻ ሚያውቀውን ዝርዝር መጨረሻ ላይ አስገቡ። ለምሳሌ፦ ስላጋቤድ፣ ስም፣ አላርሙ ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ተነስቶ ቁርስ የሚሰራለት ሰው። ኩዊድነንክ፣ ስም፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ከማልቀሱ በፊት ማን ማን እንደመጣ ሚቆጥር። ከአንድ ዓረፍተ ነገር አትለፉ፣ ትርጉሙ ሲረዝም ክስ ይመስላል።

ቃል ራሱ መፍጠርስ? ይቻላል፣ ትልልቆቹም አድርገውታል። በ2001 የወጣው የኦክስፎርድ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ውስጥ ኤስኪቫሊየንስ ሚባል ቃል ገብቷል፣ ትርጉሙ የስራ ግዴታን ሆን ብሎ መሸሽ ነው ይላል፣ ቃሉ ግን አዘጋጆቹ የፈጠሩት ነው፣ ሌላ አሳታሚ ከነሱ ከቀዳ በዚህ ሊይዙት። ሂሳብ ሲመጣ ስልክ ለተደወለለት ጓደኛ ይሄ ልክክ ይላል። ብቻ የፈጠራ ቃል ከሆነ ፈጠራ መሆኑን ንገሩት፣ አለበለዚያ ልጁ አምኗችሁ አይኤልትስ ላይ ይጽፈዋል ወይ ኢንተርቪው ላይ ይለዋል፣ በጓደኛ የወደፊት ነገር መቀለድ ልክ አይመጣም።

ቡና ላይ ሚሆን ጨዋታ

አራት አምስት ከሆናችሁ ተረቡን ወደ ጨዋታ መቀየር ይቻላል፣ እንግሊዝ አገር ቢቢሲ ከ1965 ጀምሮ በቴሌቪዥን ሲያሳየው የነበረ አይነት ነው። አንዱ ማንም ማያውቀውን ቃል ይመርጣል፣ እውነተኛውን ትርጉም ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው እውነት ሚመስል የውሸት ትርጉም ይጽፋሉ፣ ቃል መራጩ ሁሉንም ሰብስቦ ያዘበራርቅና ሳይስቅ ያነባል፣ ሰዉ እውነተኛው የቱ እንደሆነ ይገምታል። ያገኘ ነጥብ አለው፣ በውሸቱ ሰው ያሳመነም ነጥብ አለው። የቡና ስርዓታችን ለዚህ ተብሎ የተሰራ ነው ሚመስለው፣ አቦል ላይ አንዱ ይመርጣል፣ ቶና ላይ ሌላው፣ በረካ ላይ ሦስተኛው፣ በሦስት ቃል ጨዋታው በሰዓቱ ያልቃል። ተረቡ ሚገባው የውሸት ትርጉሞቹ ውስጥ ነው፣ "ጎንጉዝለር ማለት ሦስተኛ ስኒ ላይ ደርሶ ገና ስኳር ሚጠይቅ ሰው ነው" ብሎ የጻፈ ሰው ማንን እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኛ ጋ እንግሊዝኛ ዝም ብሎ ቋንቋ አይደለም፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛው ትምህርት በሱ ሆኖ ስንት ጎበዝ ልጅ በቋንቋው ብቻ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ክፍል ውስጥ አንብብ ሲባል ተስቆበት እስካሁን አፉን መክፈት ሚፈራ ሰው ሁላችንም መሃል አለ። ስለዚህ የሰውን አጠራር፣ የሰውን ሰዋስው አትተርቡ፣ ፈጽሞ። ይሄ ጨዋታ ደስ ሚለው ቃሉን ማንም ስለማያውቀው ነው፣ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ነው ሚጀምረው፣ እናንተም ትናንት ነው ያያችሁት። ከመሃላችሁ በእንግሊዝኛ ሚሸማቀቅ ካለ ቃሉን መጀመሪያ ለሱ ብቻ አስተምሩትና እሱ ይወርውረው፣ ሌላው ሁሉ "ምን ማለት ነው?" ብሎ ሲጠይቀው ፊቱን እዩት።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ድምፁን ተጠንቀቁ። በ1999 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የከንቲባ አንቶኒ ዊሊያምስ አንድ ረዳት ስለ በጀት ሲያወራ ቆንቋና ማለት የሆነ አሮጌ የእንግሊዝኛ ቃል ተናገረ፣ ቃሉ በትርጉም ንጹህ ነው፣ ድምፁ ግን ጥቁሮች ሚሰደቡበትን ቃል ይመስላል፣ ነገሩ ተቀጣጥሎ ሰውየው ስራ እስከመልቀቅ ደረሰ፣ በኋላ ሌላ ቦታ ቢሰጠውም። ትርጉሙ ጥሩ ነው ብሎ ለማስረዳት ጊዜ ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ ስድብ ሚመስል ድምፅ ያለውን ቃል ስራ ቦታ ላይና ከማያውቋችሁ ሰዎች ጋር ተዉት። ትልቅ ሰው ካለም እንደዛው ነው፣ ጋሼ ወይ እትዬ አጠገብ ተቀምጠው "ምን እያላችሁ ነው ልጆች?" ካሉ ትርጉሙን ቀድማችሁ በአማርኛ ንገሯቸው፣ ብዙ ጊዜ እሳቸው ናቸው የተሻለ ተረብ ጨምረው ሚያሳርፏችሁ።

እናንተ ስትተረቡስ? ዋናው ትርጉሙን መጠየቅ ነው፣ ሳትኮርፉ፣ "አላውቀውም፣ ንገረኝ" በሉ። ልክ ከሆነ እመኑ፣ መካድ ያስረዝመዋል። ከዛ መልሱ ከዛው ከተረበው ቃል ላይ ቢነሳ ነው ሚያምረው፣ ለምሳሌ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ደውሎ "ስላጋቤድ! ገና አልተነሳህም?" ካለህ፦

"ስላጋቤድ ነኝ፣ አምኛለሁ። አንተ ግን ከ12 ሰዓት ጀምሮ ተነሳ አልተነሳ እያልክ ስትከታተል ያረፈድከው፣ ኩዊድነንክ ነህ ጎንጉዝለር?"

የሁለቱን ትርጉም ከጠየቀ አንዱን አሁን፣ ሌላውን ማኪያቶ ሲገዛ ነው ምትነግሩት።